በሁዳዴ የወፈረች

«በሁዳዴ የሚወፍር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች አንዷ ከግንቡ ወዲያ፤ ሌሎቹም ሳቁ። እልፍነሽ ባዶ ቆርቆሮዋን ይዛ ከግንቡ ወዲህ፣ መተላለፊያው ከሚጠብበት ላይ ደርሳ ነበር። ቦኖው ተከፍቶ ውሃው ይንሿሿል፤ የሴቶቹ ድምፅ ግን ከውሃው በላይ ይሰማል። የተናገረችው ፀሐይ ናት፣ የወታደር ለማ ሚስት፣ የግድግዳ ጎረቤቷ። «እኛ በሽሮ ጠውልገን አጥንታችን ወጣ፤ እሷ ግን እንደ በዓል ከብት ትደልባለች። መቀነቷን እንዴት ሸምቅቃ እንደምታስር አያችሁ? ኮሶም ጠጣች አሉ። ደግሞ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሐኪም ጋራን ትወጣለች። ሴት ልጅ ብቻዋን ተራራ የምትወጣው ምን ሆና ነው? ወይ የሚጠብቃት አለ፣ ወይ እንዲወርድላት ነው።» ይኼኔ ሌላ ድምፅ፣ ቀስ ያለ፣ የማይፈልግ መስሎ የሚናገር ድምፅ መጣ። «የሚጠብቃትስ ተራራ ላይ አይመስለኝም። በየቀኑ ፈረስ መጋላ ኢብራሂም ሱቅ ምን ትሠራለች? እኔ ምን አውቄ። ወንድሜ ዛሬ ይገባል፤ እሱ ይጠይቃት።» ይህችኛዋ ተናኘወርቅ ናት። የባልዋ እኅት፣ ከአንድ መሶብ የምትበላ፣ ማታ ማታ ፀጉሯን የምትሠራላት ተናኘወርቅ።

እልፍነሽ ወደፊት መሄድም አልሆነላት፣ ወጥታ መሟገትም አልሆነላት። እግሯ ብቻ ራሱ ዞረ። ባዶው ቆርቆሮ ከጉልበቷ እየተጋጨ ድምፅ እንዳያሰማባት በነጠላዋ ሸፍና ከሆዷ ላይ አቀፈችው፤ እንዲያ አቅፋ ሁለት ቤት ካለፈች በኋላ፣ በዚህ አኳኋን የሚያያት ሰው ምን እንደሚል ትዝ ሲላት ደንግጣ መልሳ አወረደችው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። ባልዋ አሥር አለቃ ሽፈራው ኦጋዴን ከወረደ ዓመት አልፎታል። አንድም ቀን ለፈቃድ አልመጣም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በየካቲት፣ ከሶማሌ ጋር ውጊያው ሲነሣማ ደብዳቤውም ተቋረጠ፤ በዋዜማው ብቻ ነው ጓዱ በማግሥቱ እንደሚገባ ከጦር ሰፈር የተነገረው። ስለዚህ እዚያ ሆድ ውስጥ አንዳች ነገር ካለ የሽፈራው ሊሆን አይችልም፤ ይህን ደግሞ ቦኖ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ አስልተውታል። እሷ ያሰበችው የሴቶቹን ወሬ አልነበረም። ያሰበችው ከእነሱ ሰፈር ዝቅ ብሎ ያለችውን አንዲት ቤት ነው። የዚያች ቤት ባለቤት ወታደር ነበር፤ ከግዳጅ ሲመለስ መንገድ ላይ የሰማውን ወሬ ይዞ ገባ፣ ሚስቱንም አንድ ቃል ሳይጠይቃት ጨረሳት። ወሬው ውሸት መሆኑ የታወቀው ከአርባዋ በኋላ ነው። በሩ እስከ ዛሬ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። እልፍነሽ ውሃ ስትቀዳ በዚያች ቤት በር ነበር የምታልፈው። ሽፈራው ክፉ ሰው አይደለም፤ ያኛውም ቢሆን ክፉ አልነበረም።

ሆዷ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም። ለውዝ ነው።

እልፍነሽ በስውር ሲጋራ ታጨስ ነበር። ጥርሷን ሲያማት አንዲት ሴትዮ ጢሱን አፍሽ ውስጥ ያዥው ብላ አሳየቻት፤ ጥርሱ ተነቀለ፣ ጢሱ ቀረ። ማድቤቱ ኋላ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እንጨቱ ሲጨስ ጠብቃ እዚያ ላይ ቁጢጥ ትልና፣ አንዷን ምጋ ምጋ፣ ጤና አዳም አኝካ ትገባለች። የክርስቲያን ቤት ነው፤ ትንባሆ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ነው በሚባልበት ቤት፣ ያውም ሴት ልጅ። ከእግዚአብሔርና ከባለሱቁ ከኢብራሂም በቀር ማንም አያውቅባትም። ታኅሣሥ ላይ ለቁልቢ ገብርኤል ስትሄድ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጧፍና ጃንጥላ ይዞ ሲንጋጋ፣ እሷ ባዶ እጇን ቆማ በልቧ ተሳለች፦ «ሽፈራውን በሕይወት አግባልኝ፤ እኔም ያቺን ነገር ዳግመኛ ከአፌ አላደርሳትም።» ስለት ደግሞ ሳይሞላ አይነገርም፤ የተነገረ ስለት እንደ ተቀደደ ከረጢት ነው ይሉ ነበር። እሷም አልተናገረችም፣ አላጨሰችምም።

ታዲያ አፍ ባዶውን አይቀመጥም። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አፏ አንድ ነገር አምጪ ይላታል፣ ሌሊት በሕልሟ ታጨስና ደንግጣ ትነሣለች። ኢብራሂም የባቢሌን ለውዝ ቆልቶ በወረቀት ጥቅልል ይሸጣል፤ የአሥር ሳንቲም ለውዝ ትገዛና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሟን ፈትታ እንቅልፍ እስኪወስዳት ትቆረጥማለች። ቀጥሎ የሃያ ሳንቲም ሆነ። ለውዝ የጾም ነው፤ ቅቤ የለበት፣ ሥጋ የለበት። የጾም ምግብ ሰው ያወፍራል ብላ በሕልሟም አላሰበችም፤ ያን ጊዜ ማንስ ያስብ ነበር? ፊቷ ሞላ፣ የቀሚሷ ስፌት ተተረተረ፣ ቀጥሎ ሆዷ ቀደመ። ሲጨንቃት ገና ሁዳዴ ሳይገባ ኮሶ ጠጣች። ሆዷን መቀነት ሸምቅቃ አሰረችው። እየሄድሽ ላብሽን አውጪው ብለዋት ሐኪም ጋራን በጠዋት መውጣት ጀመረች። ለመክሳት ያደረገችው ነገር ሁሉ አሁን ዞሮ ምስክር ሆነባት፦ ኮሶው ማስወረጃ ሆነ፣ መቀነቱ መደበቂያ ሆነ፣ ተራራው መቃጠሪያ ሆነ፣ የለውዙ ሱቅ ደግሞ የወንድ ቤት ሆነ።

ቤታቸው ከከተማዋ የግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ውጭ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ ከላይ ቆርቆሮ። በፊተኛው ክፍል ሽፈራው ሲዳር የተገዛ የብረት አልጋ አለ፤ ከራስጌው በላይ የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ዓይኖቹ ወደ በሩ ነው የሚያዩት። እልፍነሽ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነበር፤ ያን ዕለት ግን አቀርቅራ ገባች። አማቷ እማማ ወለተሥላሴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እንዝርቱ ይሽከረከራል፣ ክሩ ይረዝማል፣ እሳቸው ዝም። እኒህ ሴትዮ ዝምታ ያውቁበታል። ሰባት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ተጣልተው አያውቁም፤ የሆድ የሆዳቸውንም ተነጋግረው አያውቁም። ሽንኩርት ስንት ገባ፣ ዘይት ተወደደ፣ ጣሪያው ያፈሳል። ይኸው ነው።

«ውሃው የታለ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ወረፋው በዝቶ ነው፣ እማማ።»

«ወረፋው አይደለም። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። እማማ ወለተሥላሴ እንዝርቱን አቆሙና ክሩን በጥንቃቄ ጠቅልለው ከጎናቸው አኖሩት። ያ ጥንቃቄ ከቁጣ ይልቅ አስፈራት።

«ልጄ ዛሬ ይገባል። ምን ብዬ እንደምቀበለው ልወቅ። የማን ነው?»

«እማማ፣ መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው፣ የማንም አይደለም። የለም። ምንም የለም።»

«አምስት ወልጃለሁ፤ ሆድ አላውቅም?»

«አዋላጇን ያስጠሩልኝ፤ ትየኝ።»

«አዋላጅ በዚህ በር ከገባች በኋላ ማን ያስወጣታል? ምን አገኘሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። በመግባቷ ብቻ ይፈረድብሻል፤ በእኔም ቤት ላይ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መሐላሽ እውነት ይመስላል። ዓይንሽ ግን ይሸሻል። አንድ የደበቅሽኝ ነገር አለ፤ እሱን አውጪ። ሽፈራው ከእኔ ቀድሞ ቢያውቀው ምን እንደሚያደርግ እኔም አላውቅም። ያ የተቆለፈው ቤት ሰውዬም እናት ነበረችው።»

እልፍነሽ ይህን ሲሏት ተናገረች። ጥርሷን፣ ድንጋዩን፣ ጤና አዳሙን፣ ለውዙን ሁሉ እየተንተባተበች አወጣች። ስለቱን ብቻ ዋጠችው። እማማ ወለተሥላሴ መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥለው ግን ከንፈራቸው በአንድ ወገን ተጣመመ።

«ዲቃላውን በሲጋራ ልትሸፍኚው ነው?»

«እማማ!»

«በእኔ ቤት፣ በእኔ አፍንጫ ሥር ሰባት ዓመት? እኔን? ባሻ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያጨስ ነው የሞተው። የአጫሽ ሚስት ነበርኩ፤ እኔን ማንም አያታልለኝም።» ጥቂት አሰቡ። «እሺ። አጨስ ነበር ካልሽ አጭሰሽ አሳዪኝ። ያልለመደ ሰው ሲስብ ያስለዋል፣ እንባው ይወርዳል። የለመደ በአፍንጫው ያወጣዋል። ይህ በአንድ ቀን አይጠናም። ሂጂ ገዝተሽ ነይ፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ተመለሺ።»

በዚህ መካከል ተናኘወርቅ ውሃዋን ተሸክማ ገባች። ማንንም ሳታይ እንስራውን አወረደች፣ ፊቷን ታጠበች፣ የጥምቀት ቀሚሷን አውጥታ ለበሰች። «እኔ ልቀበለው ጦር ሰፈር ልሄድ ነው» አለች ለግድግዳው። እልፍነሽም ነጠላዋን ስታነሣ አማቷ ያዟት። «አንቺ አትሄጂም። እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት አትቆሚም።» ተናኘወርቅ በሩ ላይ አንድ ጊዜ ዘወር አለችና የወንድሟን ሚስት አየቻት፤ የምትናገረው ያላት መሰለ፣ ግን ወጣች። ከጦር ሰፈሩ በር እስከዚህ ቤት ድረስ መንገዱ ረዥም ነው። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ነገር ሊወራ ይችላል!

ፈረስ መጋላ እንደ ልማዱ ይተራመሳል። የጫት እስር የያዙ፣ ከሶፊ ገጠር የመጡ ሴቶች ያልፋሉ፣ ጋሪ ነጂዎች ይጯጯሃሉ። እልፍነሽ ግን ሰው ሁሉ ሆዷን የሚያይ እየመሰላት ነጠላዋን ወደፊት ጎትታ፣ ጥግ ጥጉን ሄደች። ኢብራሂም ቆፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ስኳር ይመዝናል። ሲያያት ፊቱ በራ።

«እትዬ እልፍነሽ! የዛሬው ለውዝ ገና ከእሳት የወጣ ነው፣ ወላሂ እጅ ያቃጥላል።»

«ለውዝ አይደለም የፈለግኩት» አለችው ቀስ ብላ። «አንድ ሲጋራ። ክብሪትም።»

የሚዛኑ ሳህን ከእጁ ቀረ። «ያ አላህ! ትተሽው የለ እንዴ? አንቺ ስትተዪ እኔ፣ የምሸጠው፣ አልሐምዱሊላህ ነው ያልኩት።»

«አንድ ብቻ ነው።»

«አንድ የሚባል ሲጋራ የለም፣ እኅቴ። አንድ ብሎ የመጣ ሁሉ ፓኮ ይዞ ነው የሚሄድ፤ እኔ ቤቴን የሠራሁት አንድ ብቻ በሚሉ ሰዎች ነው።»

ሳቅ አልመጣላትም። ጎንበስ ብላ ባጭሩ ነገረችው። ኢብራሂም እየሰማ ቀስ በቀስ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ስሙ በዚያ ወሬ ውስጥ እንዳለ ገብቶታልና። ሚስት አለው፣ ሴት ልጆች አሉት። «እኔ ልምጣና በቁርአን ልማል?» አለ። «አንተ በዚያ በር ከገባህ እኔንም አንተንም ይጨርሱናል» አለችው። እውነቷን ነው። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ አፉን ቢከፍት የሚያጠፋት እሱ ነው።

ሱቁ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ። አንደኛው፣ ሐሰን የሚባል የከባድ መኪና ነጂ፣ ሌሊቱን ከጅጅጋ መግባቱን ይናገር ነበር። «ከወታደሮቹ መኪናዎች አንዱ ፈንጂ ረግጦ ቆሟል። በዓይኔ ያየሁት ጢሱን ነው። ኮንቮዩ ሁሉ እዚያው ተገትሯል» አለ። እልፍነሽ የጋረዳትን ነጠላ ረስታ ዘወር አለች። «ማን ማን ነበረበት?» ሰውየው ደንግጦ አያት። «የማንን ስም አውቄ ልንገርሽ፣ እናቴ? አላህ ያውቃል።»

ኢብራሂም ሌላ ነገር አልተናገረም። ሲጋራዋን እንደ ድሮው በወረቀት ጥቅልል ውስጥ አስገባ፣ ከላይዋ እፍኝ ለውዝ ጨመረ፤ ሰባት ዓመት ሲያደርገው የኖረውን እጁ ራሱ አደረገው። ሳንቲሟን ስትዘረጋለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። ፈንጂው ከጆሮዋ አልወጣም። በተቆለፈችው ቤት በር ስታልፍ ግን አንድ ነገር እንደ መብረቅ መታት። ሽፈራው መንገድ ላይ ነው። ገና አልገባም። ስለቱ ገና አልሞላም። አሁን፣ እሱ ፈንጂ በተቀበረበት መንገድ ላይ ሳለ፣ እሷ ክብሪት ጭራ ያቺን ነገር ካበራች፣ መልአኩ ምን ይላል? ካላበራች ደግሞ ቢገባስ ለምን ይገባል? ተናኘወርቅን ሰምቶ፣ እናቱን ሰምቶ፣ ያ ፎቶግራፍ እንደሚያየው ዓይነት ዓይን ይዞ። ካበራች ባሏ ሊቀር ነው፤ ካላበራች እሷ ልትቀር ነው። እግሯ ከበሩ ፊት ተተከለ። የቁልፉን ሸረሪት አየች። «ይግባ ብቻ» አለች በመጨረሻ፣ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ከገባ በኋላ የመጣው ይምጣ።»

እማማ ወለተሥላሴ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ጠበቋት። መስኮቱን ዘግተውታል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባች አንዲት የብርሃን ዘንግ ብቻ በመካከላቸው ቆማለች። እልፍነሽ ጥቅልሉን ፈታች፣ ለውዙን ሳህን ላይ አፈሰሰችው፣ ሲጋራዋን አወጣች። እጇ ለብዙ ወራት ያልነካትን ነገር ወዲያው አወቃት። ሳታስበው ጫፏን በጥፍሯ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች፣ በጣቶቿ መካከል አሽከረከረቻት፣ የተፈረፈረውን ትንባሆ በአውራ ጣቷ ጠረገች። አፏ በምራቅ ሞላ። ልጆቼ፣ የተወ ሰው ያውቀዋል። ክብሪቱን ከፈተች። አንዱን እንጨት መዘዘች። ከዚያ ክብሪቱ ያለበት እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ።

«ምነው?» አሉ አማቷ።

«እሱ ሳይገባ አላበራም፣ እማማ። በእግዜር ይዤዎታለሁ። በሕይወት ገብቶ ልየውና፣ ከዚያ ሙሉ ፓኮ አጭሺ ቢሉኝ አጨሳለሁ። አሁን ግን አልችልም።»

«ስለማትችዪበት ነው።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

ዝም አለች። እማማ ወለተሥላሴም ዝም አሉ። ይህኛው ዝምታ ግን የሽንኩርትና የጣሪያ ዝምታ አልነበረም፤ አንዷ ከአንዷ ልብ ውስጥ የምትቆፍርበት ነበር። በዚህ መካከል የግቢው የቆርቆሮ በር ጓ! ብሎ ተመታ። ነፋስ ነው። እልፍነሽ ግን ዘላ ተነሣች፤ እንደ ተነሣችም ሲጋራዋ ጠፋች። ጣቶቿ ታጥፈው፣ ሲጋራዋ ጫፏ ወደ መዳፏ ውስጥ ዞሮ፣ አውራ ጣቷ ከላይ ሸፍኗት፣ እጇ በቀሚሷ እጥፋት ኋላ ተሸሽጓል። ይህን ሁሉ ያደረገው እጇ ነው፤ እሷ በሩን ነበር የምታየው።

ነፋስ መሆኑን አውቃ ዘወር ስትል አማቷ ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር የሚያዩት።

«አምጪ እስቲ እጅሽን» አሉ። እጇን ያዙና ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፈቱ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «የባሻ ወንድም ቄስ ነበሩ፣ ታውቂያለሽ። እሳቸው እንዳያዩት ባሻ እስኪሞት ድረስ እንዲህ ነበር የሚይዛት። በሰው ፊት የሚያጨስ በሁለት ጣቱ ይይዛል። ተደብቆ የሚያጨስ እሳቱን ወደ መዳፉ አዙሮ ነው። ይህን ማንም አያስተምርም፤ ፍርሃት ነው የሚያስተምር። የባሻን መዳፍ እየገነዝኩ ያየሁት ጠባሳ ይኸው ነው።» በመዳፏ መካከል ያለችውን የደረቀች የቃጠሎ ጠባሳ በጣታቸው ነኳት። ሰባት ዓመት አብረው ሲኖሩ ያን እጅ ይዘውት አያውቁም ነበር።

«ስለት ነው?» አሏት።

እልፍነሽ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አትንገሪኝ። ሳይሞላ አይነገርም።» ሲጋራዋን ተቀብለው በእጃቸው ፈረፈሩና ከምድጃው ዐመድ ውስጥ ቀበሯት። እጃቸውን አራገፉ። «አምኜሻለሁ። ቢሆንም ወሩን መቁጠሬ አይቀርም። አማት ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ጠበቁ። እማማ ወለተሥላሴ እንዝርታቸውን አነሡ፣ ግን ክሩ ደጋግሞ ተበጠሰባቸው። ፈንጂውን እልፍነሽ አልነገረቻቸውም፤ ወሬውን ብቻዋን ተሸክማ የጎረቤት ዶሮ በጮኸ፣ ጋሪ ባለፈ ቁጥር ትደነግጣለች። ቅዳሴ ወጣ፤ ሰዎች ከመድኃኔ ዓለም ሲመለሱ ተሰማ። ጾሙ የሚፈታበት ሰዓት ደርሶ አለፈ፣ ማንም ግን መሶቡን አልከፈተም። ጥላው ግድግዳው ላይ ሲወጣ ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ሁለቱም ሴቶች አልተያዩም። ስንት መኪና እንደ ሄደ እንጂ ስንት እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የገባችው ተናኘወርቅ ናት። ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷን ወደ መሬት አድርጋ ገባችና ግድግዳ ተጠግታ ቆመች። ለቅጽበት እልፍነሽ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰላት። ከኋላዋ ግን ሽፈራው ጎንበስ ብሎ ገባ። ከስቷል፤ ያ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ሰው ታላቅ ወንድሙ ይመስላል። ቅንድቡ ላይ የበረሃ አቧራ ተጋግሯል። የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ እሳቸውም አንገቱን ይዘው አነቡ። ቀና ሲል ሚስቱን አየ። ፊቷን አየ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ቀስ እያለ ወረደ፣ ሆዷም ላይ ደርሶ ቆመ። የመንጋጋው ሥጋ ተንቀሳቀሰ። ተናኘወርቅ መንገድ ላይ ምን እንዳለችው ያን ጊዜ ታወቀ። ሽፈራው አንድ ቃል አልተናገረም፤ እልፍነሽም ያን ቃል አለመናገር ነበር ከጠዋት ጀምሮ የፈራችው።

«ለውዝ ነው» አሉ እማማ ወለተሥላሴ።

«ምን አልሽ፣ እማዬ?»

«ለውዝ ነው አልኩህ። ሚስትህ የባቢሌን ለውዝ ስትበላ ከርማ ወፈረች። እኔ እናትህ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ዳስሻለሁ። ከእኔ በላይ የምታውቅ ካለች ትናገር።» እሳቸውም ወደ ልጃቸው ወደ ተናኘወርቅ ዞሩ። «አንቺ ያን የጥምቀት ቀሚስ አውልቂና ቦኖ ሂጂ። ያወራሽውን እዚያው መልሰሽ አፍሺው፤ ባዶ እጅሽንም አትምጪ፣ ውሃ ቅጂ።»

ተናኘወርቅ ከልቧ እያለቀሰች እንስራዋን ይዛ ወጣች። ሽፈራው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ቀስ በቀስ ትከሻው ረገበ። «የእኛ ኋላ የነበረው መኪና ነው» አለ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «እኛ ባለፍንበት ጎማ ላይ ነበር የሚመጣው። እኛን ዝም አለን፣ እነሱን…» አልጨረሰውም። እልፍነሽ ግድግዳውን ያዘች። ሽፈራው እጁን ዘረጋና የቀሚሷን ጫፍ ነካ፤ ያን ያህል ብቻ። ከዚያ ተነሥቶ፣ «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብሎ በጓሮ በር ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ጥቂት ቆይቶ ከጓሮው አንድ ሽታ መጣ። ማድቤቱ አይጨስም፤ ያን ዕለት እሳት አልነደደም። እልፍነሽ ሽታውን ከማንም በፊት አወቀችው፤ አፏ ምራቅ ሞላ። አማቷን አየች። እማማ ወለተሥላሴ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ቆዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ባሻን ያሰቡ ይመስላል። ከዚያ የለውዙን ሳህን ወደ እሷ ገፉላት።

«ሂጂ ውሰጂለት» አሉ። «እሱንም ታወፍሪዋለሽ እንግዲህ።»

ሳህኑን ይዛ በማድቤቱ ኋላ ዞረች። ሽፈራው በዚያ በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ሰባት ዓመት የእሷ መቀመጫ በነበረው ላይ። ኮቴዋን ሲሰማ ብድግ አለ፤ እጁ ወደ ኋላው ሄደ፣ ጣቶቹ ታጠፉ፣ እሳቷ ወደ መዳፉ ውስጥ ዞረች። ጢሱን ዋጥ አድርጎ ምንም እንዳልሆነ ሊመስል ሞከረ፤ ዓይኑ ግን ይሸሻል። ከንጋት ጀምሮ ስትፈራው የዋለችው ሰው እሷን ፈርቶ ቆሟል።

እልፍነሽ ሳህኑን በግራ እጇ ይዛ፣ ሲጋራዋን እንዲሰጣት ቀኟን ዘረጋችለት፤ መዳፉ እንዳይቃጠል ነው።